ጠበል የጠጣው ብረት

ብረቱ ወደ ማንጠግቦሽ ደጅ የመጣው በበሬ ተጎትቶ ነው፤ ያውም በገዛ በሬዎቿ። ቦራና ጉራች ቀንበር ተሸክመው ከችግኝ ጣቢያው እስከ መንደሩ ያለውን ዳገት ሲወጡ ያየ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ቆመ። ከኋላቸው በጠፍር የታሰረው ነገር ሁለት የተነፈሱ ጎማዎችና እንደ ፍየል ቀንድ ወደ ኋላ የተቀለሱ ሁለት ረጃጅም እጀታዎች አሉት። መላ አካሉ ዝጓል። አናቱ ላይ ዶሮ ስትታቀፍበት የኖረችው የጭድ ጎጆ እንኳ አልተነሣችለትም። የማንጠግቦሽ ባል እንዳላማው ከጎኑ እየተራመደ፣ ጎማው ድንጋይ በነካ ቁጥር «ቀስ! ቀስ በል እንጂ!» ይላል። በሬዎቹን ይሁን ብረቱን እንደሚያባብል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» ስትል ጠየቀች አንዲት አሮጊት ከአጥሯ ላይ ተንጠራርታ።

«የእጅ ትራክተር ነው እማማ። ከእንግዲህ የሚያርስልን እሱ ነው።»

«ታዲያ እሱን በሬ ከጎተተው በሬውን ከምኑ ገላገለው?»

መንደሩ በሳቅ አውካካ። ማንጠግቦሽ ግን አልሳቀችም። በሩ ላይ ቆማ የምታየው ብረቱን ሳይሆን ቦራን ነበር። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ አባቷ ሊሞት ሲል «ይህ ጥጃ ያንቺ ነው» ብሎ የሰጣት በሬ ነው። ጨው በእጇ እያላሰች አሳድጋዋለች። ያን ቀን ለእነሱ ቤት የመጨረሻ ሥራውን መሥራቱ ነበር። ብረቱን ከደጃፍ እንዳደረሱ፣ ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለው የእንዳላማው የአጎት ልጅ ድረስ ሁለቱንም በሬዎች ፈትቶ እየነዳ ወሰዳቸው። ቦራ ከአጥሩ በር ሲደርስ ዞር ብሎ አያት። እሷም ላለማየት ወደ ቤት ገባች።

ነገሩ የተጠነሰሰው ድሮ ነው። እንዳላማው ጎረምሳ ሳለ፣ በደርግ ጊዜ፣ በችግኝ ጣቢያው የቀን ሠራተኛ ሆኖ አፈር ይነፋ ነበር። አንድ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ ተጭኖ የመጣ ትንሽ ትራክተር አስነሡና አንድ ሰው እጀታውን ይዞ ከኋላው ተከተለ። ሰውየው አልገፋም፣ አልጮኸም፣ ጅራፍ አላነሣም። ዝም ብሎ ሄደ። ከእግሩ ሥር ግን ዶማ የማይደፍረው ዋልካ መሬት እንደ ዱቄት ልሞ ወጣ። እንዳላማው ወንፊቱን እንደያዘ ፈዝዞ ቀረ። ማንጠግቦሽን ካገባ ወዲህ ይህን ታሪክ ሳይነግራት ያለፈ ክረምት የለም። ሌላው ሰው ንጉሥ ያየበትን ቀን እንደሚያወራው ነው የሚያወራው።

መንግሥት ተለወጠ። ችግኝ ጣቢያው ተዘጋ። ትራክተሩም ባሕር ዛፍ ሥር ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ቆመ። እንዳላማው በዚያ ባለፈ ቁጥር እንደታሠረ ዘመድ ቆም ብሎ ሳይጎበኘው አያልፍም። በዘጠና አምስት ዓ.ም. የጣቢያው ዕቃ በጨረታ ይሸጣል የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ግን ሰውየው እህል አልቀምስ አለ።

«በሬዎቹን ልሽጣቸው» አላት።

«አብደሃል?»

«አላበድኩም። አንዴ ብታዪው እኮ አንቺም...» አላት። ሁለት እጁን ከፊቱ ዘርግቶ፣ የሌለ እጀታ ጨበጠ።

እሺ ያለችው ለዚያ ፊቱ ስትል ነው። ፊቱ እንዲያ ሲበራ ያየችው የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደ ዕለት ብቻ ነበር። እሺ ባለች በማግሥቱ ተጸጸተች፤ ጸጸቷንም እንደ ጨዋ ሴት በሆዷ አልያዘችውም፤ ለሰማ ሁሉ አወራችው። መንደሩም አገዛት። «የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ» አለ አንዱ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለ ሌላው። ተረት በሬ ላለው ሰው ቀላል ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የድረስ ውል ነው። ድረስ ክፉ ሰው አይደለም፤ መሬት ሲያይ ብቻ ዓይኑ ይቅበዘበዛል። ሽማግሌ አስቀምጦ እንዲህ አለ፦ «እንዳላማው፣ መሬት ጦሙን አያድርም። ሰኔ ሚካኤልን እጠብቅሃለሁ። ብረትህ እስከዚያ ተነሥቶ ካረሰ እሰየው። ካላረሰ በማግሥቱ ጠምጄ እገባለሁ፤ ምርቱን እኩል እንካፈላለን።» እንዳላማው ምን ይበል? እሺ አለ።

ማንጠግቦሽ «እኩል» የምትለዋን ቃል ታውቃታለች። ጎተራው እስከ ወገቡ ብቻ ይሞላል፤ ክረምት ሲገባ የሰው ደጅ ይጠናል። በሬ ያጣ ቤት መሬቱን አንዴ ለእኩል ከሰጠ ደግሞ ተመልሶ በሬ የሚገዛበት አቅም አያገኝም። በገዛ መሬቱ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ደምበጫ ያለው ታላቅ ወንድሟ እንዲያ ሆኖ ሲቀር በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ ብረቱን በጠላችው መጠን እንዲነሣ ትጸልይ ነበር።

ብረቱን የሚያክመው ቢተው ነው። ቢተው ቁይ ከተማ ውስጥ የወፍጮ ቤት ሞተር የሚያስነሣ፣ ጥርሱን የማይከድን ሰው ነው። ወፍጮው ሥራ በማይበዛበት ቀን ካቻቢቴና ቁልፉን በጆንያ ቋጥሮ ይመጣል። እሱና እንዳላማው ግቢው ውስጥ ጨርቅ ዘርግተው የብረቱን ሆድ ዕቃ አንድ በአንድ እያወጡ ይደረድራሉ። የአይጥ ጎጆ ወጣ። የንብ ይሁን የተርብ ያልታወቀ የጭቃ ቤት ወጣ። መሀል አካሉ ውስጥ ያለው፣ ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ የሚገባው ፒስተን ግን እንደ ድንጋይ ደርቆ አልንቀሳቀስ አለ። ላምባ አፍስሰውበት ተዉት። ሲመለሱ ጠጥቶታል። ደግመው አፈሰሱ። ቢተው እንጨት ደግኖ በመዶሻ ቀስ እያለ ቢቆረቁረው፣ ቆርቁሮ ቆርቁሮ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል፣ የጣት ውፍረት ያህል ሸርተት አለ። እንዳላማው እንደ ሕፃን ዘለለ።

ማንጠግቦሽ ምሳ ይዛላቸው የመጣችው በዚያ ሰዓት ነው። እንዳታይ አስባ ነበር፤ ዓይን ግን ባለቤቱን አይሰማም። ቢተው ፒስተኑ የሚመላለስበትን ጉድጓድ በጨርቅ ሲወለውለው ጎንበስ ብላ አየች። ውስጡ እንደ ጽዋ ያበራል። ከላይ ያ ሁሉ ዝገት፣ ያ ሁሉ የዶሮ ኩስ፤ ከውስጥ ግን ፊቷን የምታይበት ንጹሕ ብረት። ይህ ሁሉ ዓመት ሲዘንብበት እንዲህ ያለ ነገር በሆዱ ደብቆ መቆየቱ አስደነቃት፤ ትንሽም አስፈራት።

«ይህን ማን ሠራው?» አለች ሳታስበው።

«ሰው ነው እንጂ እታለም» አለ ቢተው።

«ሰው? እንዲህ አድርጎ?»

ለእንዳላማው ከዚያ ቀን በፊት ለሳምንታት ያልሰጠችውን ነገር ያን ዕለት ሰጠችው፤ ወጡን ጨምራ አቀረበችለት።

ግንቦት መገባደጃ ላይ ሁሉም ተገጣጥሞ አለቀ። ግቢው በሰው ሞላ። በአንደኛው አፍ ማቀዝቀዣ ውሃ፣ በሌላኛው ናፍጣ ተሞላ። እንዳላማው የማስነሻውን ብረት ሰክቶ አዞረ። ምንም። አዞረ። አሁንም ምንም። ጋቢውን አውልቆ፣ አማትቦ፣ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሲያዞረው ብረቱ እንደ ሽማግሌ አንዴ ሳል አለ። ደግሞ ሳለ። ከዚያ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግዱግዱግ ብሎ ጥቁር ጭስ ወደ ሰማይ ተፋ። ዶሮው በየአቅጣጫው በነነ፤ ሕፃናት ተንጫጩ፤ ያቺ የአጥር ላይ አሮጊት «ወዮ ጉዴ!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማንጠግቦሽ መሬቱ ከእግሯ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ሃያ ዓመት ስትሰማው የኖረችው ታሪክ ይኸው ከፊቷ ቆሞ ይተነፍሳል። ሳይታወቃት «አባታችን ሆይ» ማለት ጀመረች። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ከምትለው ስትደርስ ብረቱ ተንገዳግዶ ጸጥ አለ።

ጥቂት ቆይተው ቢያዞሩት ተነሣ። አሁንም ጠፋ። ደግሞ ቢያሳርፉት ተነሣ፤ ደግሞ ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባዩ ይኸው ሆነ። ቢተው ናፍጣ የሚያልፍበትን ቱቦ ፈትቶ ነፋው፤ ንጹሕ ነው። ማጣሪያውን አየ፤ ንጹሕ ነው። ፖምፓውን ፈታ፣ ጠረገ፣ መለሰ። ናፍጣው ሲከፍቱት ይወርዳል። ታዲያ ምን ጎደለው? ማንጠግቦሽ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ጸሎቷን ትጀምራለች፤ አንዴ «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ፣ አንዴ «ወደ ፈተና አታግባን» ላይ ይከዳታል። አሜን ደርሳ አታውቅም።

ሰኔ ገባ። ሰማዩ ከብዶ ይውላል። ጎረቤት ሁሉ መሬቱን ገምሶ ሁለተኛውን እያረሰ ነው። የእነሱ መሬት ብቻ ሣር አብቅሎ ተኝቷል። ድረስ በዚያ ሲያልፍ ምንም አይናገርም፤ በዓይኑ ግን ከዳር እስከ ዳር ይለካዋል። እንዳላማው ደግሞ ፊቱ ጠፋ። ያ መብራት ጠፋ። ማታ ማታ ብረቱ አጠገብ ተቀምጦ እጁን ጣል ያደርግበታል እንጂ አይነካካውም። ማንጠግቦሽ የምትቆጣባቸው ቃላት ሁሉ አፏ ላይ እያሉ ልትናገራቸው አቃታት። አንጀቷን በላት።

ነገሩን ስታስበው ከረመች። የሚነሣና የሚወድቅ፣ ሲያርፍ ደህና የሚመስል፣ ሐኪም ገልጦ አይቶ ምንም የሚያጣበት በሽታ። እንዲህ ያለውን በሽታ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ያበሉት ነገር አለ። በጨረታው ዕለት ስንት ሰው ተመቅኝቶ እንደሄደ ማን ያውቃል! ታዲያ ለዚህ መድኃኒቱ ካቻቢቴ ነው?

አንድ ማለዳ እህል ሳትቀምስ ከወንዙ ገደል ሥር ወዳለው የኪዳነ ምሕረት ጠበል ወረደች። ያን ቀን ሰው በዝቶ ነበር። አንዲት ከሩቅ አገር የመጣች ልጅ እግር ሴት ጠበሉን ጠጥታ ጎንበስ እንዳለች፣ እናቷ ጀርባዋን ይዛ ስታለቅስ፣ ሴትዮዋ ጥቁር የተጠቀለለ ነገር አስመለሰች። እናቲቱ እልል አለች፤ ቆሞ የነበረው ሁሉ ተቀበላት። ማንጠግቦሽ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዋለች፤ ባየችው ቁጥር ግን ጸጉሯ ይቆማል።

በጠበሉ የሚያጠምቁት ቄስ አምደሚካኤል የነፍስ አባቷ ናቸው። ጀሪካኗን ሲቀበሏት ጠየቋት።

«ለማን ነው ልጄ?»

«ለቤት ነው አባ። የታመመ አለ።»

«እንዳላማው ነው እንዴ?»

«እሱስ ደህና ነው አባ።» ትንሽ አሰበች። «ከብት ነው።» ውሸት እንዳይሆንባት በልቧ ተከራከረች። የሚያርስ ሁሉ ከብት አይደለም ወይ?

«ከብት ከሆነ ግማሹን ትረጪዋለሽ፣ ግማሹን ታጠጪዋለሽ። በእምነት ይሁን።»

ቤት ስትደርስ እንዳላማው ቢተውን ሊያመጣ ቁይ ሄዷል። ነጠላዋን አጣፍታ ብረቱ ፊት ቆመች። መርጨቱስ ቀላል ነው፤ ማጠጣቱ በየት በኩል? ሁለት አፍ አለው። በአንዱ ውሃ ሲሞሉ አይታለች፤ በሌላው ናፍጣ። ብዙ አላመነታችም። ውሃው ለጥሙ ነው፤ ናፍጣው ግን ምግቡ ነው፤ ያበሉት ነገር የሚቀመጠው ከምግቡ ጋ ነው። የናፍጣውን ክዳን ከፍታ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብላ ግማሹን ጀሪካን ገለበጠችበት። ቀሪውን ከአናቱ እስከ ጎማው ረጨችው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስኪያስመልሰው ጠበቀች። ብረቱ ዝም አለ።

እንዳላማውና ቢተው የመጡት ለሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ነው። ጊዜው የቀረው ያቺ ዕለት ብቻ ነበረች፤ የሚካኤል ዕለት ሞተር የሚነካ እጅ በአገሩ የለም። እንዳላማው አዞረ። ብረቱ እንደ ወትሮው እንኳ አልሳለም። ቢተው አዞረ። ነጭ እንፋሎት ብቻ ትፍ አለ። ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ተፈራረቁ። በመጨረሻ ቢተው ቱቦውን ፈትቶ የወረደውን በመዳፉ ተቀበለና አሸተተው።

«ውሃ ነው!» አለ። «አያ እንዳላማው፣ ናፍጣው ውስጥ ማነው ውሃ የጨመረ?»

«እኔ ነኝ» አለች ማንጠግቦሽ ከበሩ ላይ። «ውሃ ደግሞ አይደለም፤ ጠበል ነው። የኪዳነ ምሕረት።»

 ቢተው ሊስቅ አፉን ከፈተና የእንዳላማውን ፊት አይቶ ዋጠው። እንዳላማው ሚስቱን አያት፤ ብረቱን አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«በሬሽን ወሰድኩብሽ» አለ መሬቱን እያየ። «አሁን ደግሞ መሬቱ ሄደ። ምን ብዬ እቆጣሻለሁ? አንቺ እንኳ ልታድኝው ሞከርሽ።»

ማንጠግቦሽ በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት አፍራ አታውቅም። ያበላሸችው እሷ መሆኗ ገና አሁን ገባት።

ቢተው ግን እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ተነሥ አያ እንዳላማው። ሳይመሽ የናፍጣ ማጠራቀሚያውን ሙሉ በሙሉ አውልቀን ገልብጠን እናፍስሰው። እስካሁን እሱን አልነካነውም፤ የሚያፈስ ቀዳዳ የለውም፣ ምን አጠፋ ብለን። አሁን ግን ውሃ ገብቶበት ሌላ መንገድ የለም።»

ብሎኖቹን ፈቱ። ቢተው ማጠራቀሚያውን አቅፎ አጥር ሥር ሊገለብጠው ሲል ማንጠግቦሽ ሮጣ ያዘችው።

«መሬት ላይ አይፈስም! ጠበል አለበት፤ ሰውና ከብት ሊረግጠው ነው? ቆይ!» ከቤት ነጩን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አምጥታ ከሥሩ ደገነችው።

ቢተው ገለበጠው። ናፍጣና ጠበል ተደባልቆ ወረደ፤ ዝገት ወረደ። ነቀነቀው። የመጨረሻው ጭላጭ ሲወርድ አንድ ነገር ከአፉ ተንሸራቶ ወጣና ነጩ ሳፋ ውስጥ ዘጭ አለ። ጥቁር ነው። ለስላሳ ነው። የተጠቀለለ ነው።

 ማንጠግቦሽ ተንበረከከች። ገደሉ ሥር ያየችው ራሱ ነው። ያቺ ሴት ያስመለሰችው ራሱ ነው። ልቧ እንደዚያ ሞተር ይመታ ጀመር፤ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

ቢተው በሁለት ጣቱ አንሥቶ ዘረጋው። የመዳፍ ያህል ጥቁር ላስቲክ ነው።

«የችግኝ ላስቲክ!» አለ እንዳላማው ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ። «ችግኝ የሚፈላበት ላስቲክ ነው። ክዳኑ የጠፋ ጊዜ የጣቢያው ሰዎች አፉን በሱ ያስሩት ነበር፤ አይቻለሁ! ተቀድዶ ገብቶበት ነው!»

ቢተው ላስቲኩን መዳፉ ላይ አጣብቆ አየው፤ ፊቱ ተለወጠ። «ይኸው እኮ ነው በሽታው። ናፍጣው ሲወርድ አብሮ ይወርድና መውጫውን ልጥፍ አድርጎ ይዘጋዋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ይለቀዋል። እኔ ደግሞ ቱቦ ስነፋ ከረምኩ! እታለም፣ አየሽ? ላስቲክ ነው።»

«ላስቲክ መሆኑንማ አይቼዋለሁ» አለች ማንጠግቦሽ። «ያስመለሰው ማን ነው?»

 እስከዛሬ ያልፈታውን ማጠራቀሚያ ዛሬ ያስፈታው ምን እንደሆነ ቢተውም ያውቃል። ላስቲኩን ሳፋው ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠው፤ እንደ ተራ ላስቲክ አልወረወረውም።

ማጠራቀሚያውን አጥበው፣ አድርቀው፣ መልሰው ገጠሙ። ትኩስ ናፍጣ ሞሉት። ሊያስነሡት ሲሉ ግን ፀሐይ ጠለቀች፤ የዋዜማው ደወል ተደወለ። ሦስቱም እጃቸውን ሰበሰቡ።

የሚካኤል ዕለት እንደዚያ ቀን ረዝሞ አያውቅም። ታቦቱ ወጣ፣ ሕዝቡ ዘመረ፣ ማንጠግቦሽ ግን ልቧ ግቢዋ ውስጥ ነው። ቄስ አምደሚካኤል መስቀል ሲያሳልሟት ጎንበስ ብለው «ከብቱስ እንዴት ሆነ?» አሏት።

«አስወጣለት አባ።»

«ተመስገን በያ!»

«ገና አልተነሣም አባ። ነገ ነው የሚታየው።»

በማግሥቱ ድረስ በውሉ መሠረት ማልዶ መጣ። ቦራንና ጉራችን ጠምዷል፤ ሞፈሩን በትከሻው ይዟል። ሣር በበቀለው መሬት ዳር ቆመ። መንደሩም ወሬ አይቀርበትምና መጣ። እንዳላማውና ቢተው ብረቱን እየገፉ ወደ መሬቱ አወጡት። ማንጠግቦሽ ቦራን ላለማየት ዓይኗን ከብረቱ ላይ አልነቀለችም። በገዛ መሬቷ ላይ፣ በገዛ በሬዋ፣ የሰው እርሻ ሊታረስባት ነው። ይህ ሞተር አንዴ አሜን ካላስባላት እንዲያ ሆኖ ይቀራል።

እንዳላማው አማተበና አዞረ።

ዱግ አለ። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግዱግዱግ።

«አባታችን ሆይ» አለች ማንጠግቦሽ። እንዳላማው እጀታውን ጨበጠ። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ።» ብረቱ ወደ ፊት ተነቃነቀ። «በደላችንን ይቅር በለን።» ምላጮቹ መሬት ነከሱ። «ከክፉ ሁሉ አድነን እንጂ።» ድምፁ ወፈረ እንጂ አልተሰበረም። «ለዘለዓለሙ አሜን!» ብላ ጮኸች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ብረቱ ይሄዳል። «እመቤታችን ማርያም ሆይ» ብላ ቀጠለች፤ እሱንም ጨረሰች። ጸሎተ ሃይማኖትን ጨረሰች። የምታውቀውን ሁሉ ጸልያ አለቀባት፤ ብረቱ የመሬቱ ወዲያኛው ዳር ደርሶ እየዞረ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚባል ስላጣች ቆማ ብቻ አየች።

እንዳላማው አልገፋም፣ አልጮኸም፣ ጅራፍ አላነሣም። ዝም ብሎ ሄደ። ከእግሩ ሥር ያ ሣር የዋጠው ዋልካ እየላመ፣ እየጠቆረ፣ እንፋሎት እየተነፈሰ ይወጣል። ትኩስ የአፈር ሽታ መንደሩን ሞላው። ቁራዎች ከኋላው ተግተለተሉ። ስንት ክረምት «ብታዪው እኮ» እያለ ሲለምናት የኖረው ይህ ነበር። እንባዋ ወረደ፤ አላበሰችውም። ታሪኩን ሰምታው እንጂ አምናው እንደማታውቅ ዛሬ ተረዳች፤ ባሏም በነዚያ ዓመታት ሁሉ አንዲት ቃል እንዳልጨመረበት አየች። አጥር ላይ የነበረችው አሮጊት እያጨበጨበች «እሰይ! እሰይ!» ትላለች።

 በመጨረሻ ድረስ ባርኔጣውን አወለቀ። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አለ፤ ሞፈሩን አውርዶም ከበሬዎቹ ጫንቃ ላይ ቀንበሩን ፈታ። ጉራች ወዲያው ወደ ሣሩ ሄደ። ቦራ ግን አልሄደም። ወደታረሰው መሬት ዳር ተጠግቶ አፈሩን አሸተተ፤ ከዚያ ቀና ብሎ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ እየሄደ የሚመለሰውን ብረት ይመለከት ጀመር። ያንን መሬት ከማንም ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። ዓመት በመጣ ቁጥር ሲያርሰው ኖሯል።

ማንጠግቦሽ ቦራ ከተሸጠ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበችው። ግንባሩ ላይ ባለው ነጭ መዳፏን አሳረፈች።

«አየኸው ቦራ?» አለችው። «አንተው ጎትተህ ያመጣኸው ነው።»

ቦራ ምላሱን አውጥቶ እጇን ላሰ። ጨው የያዘችለት መስሎት ነበር።